ከስፌት ዕቃ ጎን የወንዶች ቀበቶና ክራቫት መሸጥ፦ መጠኑን፣ ጥራቱንና ተመላሹን እንዴት ልያዘው?

ጀማሪዋ ባለሱቅ

ሰላም ለሁላችሁ። የስፌት ዕቃ፣ ማለትም ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ክር፣ መርፌ፣ ላስቲክና የመሳሰለውን በችርቻሮ እሸጣለሁ። አሁን ከዚሁ ጎን የወንዶች ቀበቶ፣ ክራቫት፣ የሱሪ ማንገቻና የእጅጌ ቁልፍ (ሳይሰፋ የሸሚዝ እጅጌ ጫፍ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ የሚያያይዘው ጌጥ) ልጨምር አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ያልጠሩልኝ ነገሮች ስላሉ የምታውቁ በዝርዝር ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ቁልፍ። ደንበኛው አንድ ቁልፍ ይዞ ይመጣና «ይህን የመሰለ ስጪኝ» ይላል። በዓይኔ አመሳስዬ እሰጣለሁ፤ ብዙው ይመለሳል። በጅምላ ስገዛም ከረጢቱ ላይ 18፣ 24፣ 32 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ሚሊ ሜትር አለመሆናቸው ገብቶኛል፤ ምን እንደሆኑ ግን አላወቅሁም።

ሁለተኛ፣ የሱሪ ዚፕ «ተዘግቶ አይቆይም፣ ይወርዳል» እየተባለ ይመለስብኛል። ጥፋቱ የዕቃው ነው የአሰፋፉ?

ሦስተኛ፣ ልብስ ሰፊዎች 5000 ተብሎ የተጻፈበት አንዱ ኮን ክር ከሌላው 5000 ቶሎ ያልቃል ይላሉ። እውነት ነው?

አራተኛ፣ ለመጀመሪያ ግዢ የትኛውን የቀበቶና የክራቫት ልክ ላብዛ? ጥራቱንስ ሳልቀደው በምን ልለየው?

የቁልፍ ሳጥን

በቁልፉ ልጀምር፤ በዚህ ንግድ ትርፉም የሞተ ገንዘቡም የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ከረጢቱ ላይ ያየሽው ቁጥር ላይን ይባላል፤ አንዳንዱ አምራች ከቁጥሩ አጠገብ ኤል የምትለውን ፊደል ብቻ ያትምበታል። 40 ላይን 1 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 1 ላይን 0.635 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በሚሊ ሜትር የለካሽውን በ0.635 ስታካፍይው ቁጥሩን ታገኛለሽ። በየቀኑ የምትሠሪበት ስለሆነ ግን እነዚህን በቃልሽ ያዢ፦ 14 ማለት 9 ሚሊ ሜትር፣ 16 ማለት 10፣ 18 ማለት 11.5፣ 24 ማለት 15፣ 32 ማለት 20፣ 40 ማለት 25 ገደማ። የሸሚዝ ፊት አብዛኛውን ጊዜ 18 ነው። የሚቆለፍ የኮሌታ ጫፍና ከእጅጌው ጫፍ ከፍ ብሎ ያለው ስንጥቅ 14 ወይም 16 ይወስዳሉ። የኮት ፊት 32፣ የኮት እጅጌና የሱሪ የኋላ ኪስ 24፤ ካፖርት ላይ 40 እና ከዚያ በላይ ይለመዳል።

በዓይን ማመሳሰል አያዋጣም። በ16 እና በ18 መካከል ያለው ልዩነት 1.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ነጭ ቁልፍ ልኩ አንድ ሆኖ ሳለ ከጥቁሩ የሰፋ ይመስላል። የልብስ ሰፊ ሜትርም ለዚህ አይሆንም። ካሊፐር፣ ማለትም ዕቃውን በሁለት መንጋጋ ይዞ የሚለካውን መሣሪያ ያዢ፤ የፕላስቲኩ ይበቃል።

ካሊፐሩ ብዙ ነጋዴ የማያየውን ነገር ይለካልሻል፤ ውፍረትን። ልብሱ ላይ ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ የሚቀደደው የቁልፉ ስፋትና ውፍረት ተደምሮ ነው። ስፋቱ 20፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቁልፍ ቀዳዳው 23 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይሠራል። ስፋቱ ያው 20 ሆኖ ውፍረቱ 5 የሆነ ብትሰጪው 25 ይፈልጋል። ደንበኛው እየገፋ ለማስገባት ሲታገል የቀዳዳው ጠርዝ ስፌት መተርተር ይጀምራል፤ ከዚያ ቁልፉ ብቻ ሳይሆን ኮቱም ችግር ላይ ይወድቃል። የሳሳ ቢሆን ደግሞ ሲቀመጥ በራሱ ይከፈትበታል። እና ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ስፋት፣ ቀጥሎ ውፍረት፣ ከዚያ ባለ 2 ዓይን ነው ባለ 4 ዓይን፣ ቀለም መጨረሻ። ቀለሙን ከመብራቱ ሥር አትዪ፤ በር ላይ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። በመብራት ሥር አንድ የሚመስሉ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ውጭ ሲወጡ ለየብቻ ናቸው።

ስለተሠራበት ነገር ትንሽ። ፖሊስተር ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፤ ውኃም ካውያም ይችላል። ዩሪያ የሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ካውያን በደንብ ይችላል፣ ግን ሲመታ ይሰነጠቃል። የቀንድ ቁልፍ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ይጣመማል፤ ኮሮዞ የሚባለው ከዘንባባ ዘር የሚሠራው ደግሞ ውኃ ይመጥና ያብጣል። የዛጎል ቁልፍ አሲድና የልብስ ማንጪያ ጠላቶቹ ናቸው፤ አብረቅራቂነቱን ይገፉታል። ቀንድና ዛጎል ስትሸጪ ይህን ሳትናገሪ አትሽጪ። ዛጎልን ከፕላስቲክ ለመለየት ጉንጭሽ ላይ አስነኪው፤ እውነተኛው ይቀዘቅዛል፣ በእጅም ከበድ ይላል። ቀንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ከከረጢቱ አንዱን ለፈተና ሠውተሽ ጀርባውን በጋለ መርፌ ንኪው፤ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንድ ኮት ቁልፍ ከሁለት ከረጢት አይውጣ። አንድ ግሮስ 144 ነው፣ 12 ደርዘን። ባለ ሁለት ቁልፍ ኮት ለፊቱ 2፣ ለሁለቱ እጅጌ 4 4፣ በድምሩ 2 ትልቅና 8 ትንሽ ይፈልጋል፤ ከመጠባበቂያ ጋር 3 እና 9 ስጪ። ከረጢቱ ሊያልቅ 6 ትንሽ ሲቀረው ሁለቱን ከአዲሱ ከሞላሽ፣ ቡናማው ከቡናማው በአንድ ደረጃ ይለያል። የማቅለሚያው ዙር ስለሚለያይ ነው እንጂ ማንም አላጭበረበረሽም። የቀሩትን 6 ለብቻቸው ለጥገና አስቀምጫቸው።

ዚፕ ጠጋኝ

የሚወርደው ዚፕ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዚፑ ራስ ነው፤ ጥርሶቹን የሚዘጋውና የሚከፍተው ተንሸራታች ማለቴ ነው። ይህ ራስ የሚቆልፍና የማይቆልፍ ተብሎ ይለያል። የሚቆልፈው ውስጡ ትንሽ ምላስ አለችው፤ መጎተቻው ወደ ታች ተኝቶ ሲያርፍ ወይም ሲለቀቅ ምላሷ በጥርሶቹ መካከል ትገባና ይዛ ትቀራለች። የማይቆልፈው ለቦርሳና ለትራስ ልብስ የተሠራ ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው።

ፈተናው ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። ዚፑን እስከ ግማሽ ዝጊው፣ መጎተቻውን ወደ ታች አስተኚው፣ ከዚያ ሁለቱን የጨርቅ ጠርዞች በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ጎን ሳቢ። የሚቆልፈው ፍንክች አይልም። የማይቆልፈው ወዲያው ይንሸራተታል። አዲስ ዕቃ ስትረከቢ ከየጥቅሉ ሁለት ሦስት አውጥተሽ እንዲህ ፈትኚ፤ የማይቆልፍ ከተገኘ ለሱሪ አትሽጪው።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ 3፣ 5፣ 8፣ 10 የሚለው ተዘግቶ ሳለ የጥርሶቹ ስፋት በሚሊ ሜትር ማለት ነው፣ በግምት። የጨርቅ ሱሪ 3 ወይም 4፣ ጂንስ ከብረት የተሠራ 4 ወይም 5፣ ጃኬት 5፣ ትልቅ ቦርሳና ድንኳን 8 እና 10። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከራሱ ጀርባ ተቀርጾ ይገኛል። ራስ ብቻ ለብቻው ስትሸጪ ግን ቁጥሩ አይበቃም። ባለ ጥምዝ ናይለን 5፣ ባለ ፕላስቲክ ጥርስ 5 እና ባለ ብረት 5 የሚወስዱት ራስ የተለያየ ነው፤ የአንዱ ለሌላው ቢገባ እንኳ ወይ ይነክሳል ወይ ከኋላው ይከፍታል። ደንበኛው አሮጌውን ራስ ካላመጣ አትሽጪለት።

ርዝመት የሚለካው ከላይኛው ማቆሚያ እስከ ታችኛው ማቆሚያ ነው። ከጥርሱ አልፎ የተረፈው ጨርቅ አይቆጠርም። የ18 ሳንቲ ሜትር ዚፕ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ 22 ሊመጣ ይችላል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው።

ዚፑ ተዘግቶ ሳለ ከራሱ በታች ጥርሱ ከተከፈተ፣ ችግሩ የራሱ መስፋት ነው፤ በአጠቃቀም ብዛት ከንፈሮቹ ይላቀቃሉ። በፒንሳ ግራና ቀኙን ቀስ አድርጎ መጫን ለጊዜው ይይዘዋል። ብረቱ አንዴ ስለደከመ ግን ተመልሶ ይሰፋል፤ ትክክለኛው ጥገና ራሱን መቀየር ነው። አንድ ጥርስ ከተነቀለ ወይም ናይለኑ በካውያ ከቀለጠ ደግሞ ራስ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሙሉው ይቀየር። የሰፊው ጥፋት የሚሆነው ስፌቱ ጥርሱ ሥር ተጠግቶ ሲሄድና ራሱ ሲያልፍ ጨርቁን ሲነክስ ነው። ሌላው፣ ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሰፍቶ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ጨርቁ ሲሰበሰብ ዚፑ እንደ እባብ ይጣመማል። የዚፑ ጨርቅ ፖሊስተር ስለሆነ አብሮ አይሰበሰብም፤ ይህን አስረጂ እንጂ ዕቃውን አትመልሺ።

በሜትር የሚሸጥ ጥቅል ዚፕ ከያዝሽ ራሱን አስቀድመሽ ቁጠሪ። የ200 ሜትር ጥቅል በ20 ሳንቲ ሜትር ሲቆረጥ 1000 ዚፕ ይወጣዋል፤ 1000 ራስና ማቆሚያዎቹ ካልተገዙ ጥቅሉ መደርደሪያ ላይ የሚተኛ ገመድ ነው።

መጎተቻው ላይ ዋይኬኬ ስለተጻፈ ብቻ አትመኚ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ስሙ የታወቀ ስለሆነም በየቦታው ይኮረጃል። ፊደሉን ሳይሆን አሠራሩን ፈትኚ፦ ሃያ ጊዜ ክፈቺ ዝጊ፣ የሚያሻክር ቦታ ካለ ጣትሽ ይነግርሻል።

ባለ ኮን

ስለ 5000ው፦ ልብስ ሰፊዎቹ ልክ ናቸው። መጀመሪያ ከቁጥሩ ኋላ ያለውን አንብቢ። ሜትር ነው ያርድ? 5000 ያርድ 4572 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 428 ሜትር። ይህ ማታለል አይደለም፣ የመለኪያ ልዩነት ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ከሸጥሽ ግን አንዱ ደንበኛሽ ይጎዳል።

ማታለሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የተጻፈው ርዝመት ኮኑ ላይ የሌለ ጊዜ። ለዚህ ሚዛን ይበቃል። በብዛት የሚሸጠው 40/2 (40 የነጠላው ክር ቅጥነት፣ 2 አብረው የተገመዱት ነጠላ ክሮች ብዛት) የተፈተለ ፖሊስተር በሒሳብ 1000 ሜትሩ 29.5 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ 5000 ያርድ ወደ 135 ግራም፣ 5000 ሜትር ወደ 148 ግራም የተጣራ ክር መሆን አለበት። ባዶ የፕላስቲክ ኮን መዝነሽ ክብደቱን ያዢ፤ ከሙሉው ላይ ቀንሺ። ጥቂት ግራም ቢወርድ ጉዳይ አይደለም፤ 100 ግራም ከሆነ ግን ወይ ርዝመቱ ጎድሏል ወይ ክሩ ከተጻፈው ቀጥኗል። ሁለቱም አንቺን ይመለከቱሻል።

የቁጥሮቹ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። 40/2 እና ቲኬት 40 አንድ አይደሉም። ቲኬት የሚለው አሠራር ቁጥሩ ባደገ መጠን ክሩ ይቀጥናል፦ 120 ለሸሚዝና ለቀላል ጨርቅ፣ 75 ወይም 80 ለሱሪ፣ 36 እና 30 ለጂንስ የላይ ስፌት። 40/2 በቲኬት ሲሰላ ወደ 100 ይጠጋል። ቲኬት 40 ደግሞ ከእሱ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚከብድ ወፍራም ክር ነው። «ባለ 40 ስጪኝ» ያለሽን ሰው የምን ሥራ እንደሆነ ጠይቂው።

ቀለም ስታመሳስይ ኮኑን ጨርቁ ላይ አትደግፊ። ተጠቅልሎ ሳለ ክር ይጠቁራል። አንድ ነጠላ ክር ሳቢና ጨርቁ ላይ አስተኚው። ልኩ ከጠፋ አንድ ደረጃ ጠቆር ያለውን ስጪ፤ ሲሰፋ ይፈዛል።

ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ መኪና ላለው ደንበኛ ደግሞ ከአንድ ዙር የተቀለመ 3 ወይም 4 ኮን በአንድ ላይ ሽጪ። ቀጥታ ስፌት ለ1 ሜትር ስፌት 2.5 ሜትር ገደማ ክር ይበላል፤ ባለ 3 ክር ኦቨርሎክ ግን 14 ሜትር ገደማ። አንድ ኮን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ነገ ተመልሶ ሲመጣ ያው ቀለም ከሌላ ዙር ይሰጠዋል፣ ጸቡም ያንቺ ይሆናል። በክሩ ላይ 80/12 ወይም 90/14 መርፌ ጨምሪለት፤ ክርና መርፌ ተለያይተው አይሸጡም።

መርፌ ብቻ

በመርፌው ላይ ባለ ኮን ያለው ልክ ነው፤ ግን ውፍረቱ ብቻ አይበቃም። 90 ማለት የመርፌው ወገብ 0.9 ሚሊ ሜትር፣ 14 ደግሞ የዚያው ሌላ አጠራሩ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቀው ግን ጭራው፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ የሚታሰረው ወፍራም ጫፉ ነው። የቤት መኪና መርፌ ጭራው በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ነው፤ ፓኮው ላይ 130/705 ኤች ወይም ኤችኤ በ1 ይላል። የፋብሪካ ቀጥታ ስፌት መኪና ዲቢ በ1 ይወስዳል፤ ድፍን ክብ፣ ጭራው 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዲፒ በ5 ደግሞ ክብ ሆኖ 2 ሚሊ ሜትር ነው። በኦቨርሎክ ብዙ ጊዜ ዲሲ በ1 ነው።

ዲፒ በ5 ለዲቢ በ1 መኪና ከነአካቴው አይገባም። ተቃራኒው ይባስ፤ ቀጭኑ ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ቪቱም ይጠብቃል፣ ግን መሐል ላይ አይቆምም። ክር ይዘላል፣ ከዚያ መንጠቆውን ይመታና ይሰበራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «አሮጌው መርፌ አለ?» ይሁን። ሹራብና ቲሸርት የሚሰፋ ከሆነ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ስጪ፤ ሹሉ የሹራቡን ክር ይበጥስና ከታጠበ በኋላ ቀዳዳው ይታያል።

ዘለበት

እህቴ፣ አራተኛው ጥያቄሽ የኔ ነው።

ቀበቶ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀበቶው ሙሉ ርዝመት አይደለም። ዘለበቱ ከቆዳው ከሚገናኝበት እስከ መካከለኛው ቀዳዳ ያለው ልክ ነው። ቀዳዳው በአብዛኛው 5 ነው፣ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ርቀት፤ ሦስተኛው ላይ ሲታሰር ለመክሳትም ለመወፈርም ሁለት ሁለት ቀዳዳ ይተርፋል። በሱሪ ቁጥር ላይ 2 ኢንች ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ጨምሪ፤ ሱሪው 34 ከሆነ ቀበቶው 36። ነገር ግን የሱሪ ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ የተሻለው የለበሰውን ቀበቶ አውልቆ ከዘለበቱ እስከሚያስርበት ቀዳዳ መለካት ነው። ለራሱ ካልሆነ፣ ለስጦታ ከሆነ፣ ከዘለበቱ በኩል በቪት ወይም በጥርስ የተያዘውን ሽጪ፤ ረዘመ ቢባል ዘለበቱን ፈትቶ ከዚያ በኩል መቁረጥ ይቻላል። በጫፍ በኩል አይቆረጥ፤ ቅርጹም ስፌቱም ያለው እዚያ ነው።

ስፋቱን አትርሺ። ለሙሉ ልብስ 3 እስከ 3.5 ሳንቲ ሜትር፣ ለጂንስ 3.8 ወይም 4። የ4ቱ ቀበቶ የጨርቅ ሱሪ ማስገቢያ ውስጥ ተጨማዶ ነው የሚያልፈው።

ቆዳውን ሳትቆርጪ ለመለየት ጠርዙንና ቀዳዳውን እዪ። ቀዳዳው ውስጥ ጭረት ጭረት ያለው ነገር ከታየ ቆዳ ነው። አንድ ወጥ ጎማ ወይም ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ከታየ ፕላስቲክ ነው። ከዚያ ፊቱን ወደ ውጭ አድርገሽ እጠፊው፤ ቆዳ ደቃቅ መስመር ያወጣል፣ ቀለሙም እዚያ ላይ ፈዘዝ ይላል። መጠንቀቅ ያለብሽ ከተፈጨ የቆዳ ብናኝ በሙጫ ተጣብቆ የሚሠራው ነው። አዲስ ሳለ ከደህናው ቆዳ ይበልጣል፤ ይሸታልም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ልክ በሚታሰርበት ቀዳዳ ላይ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይላጣል። «ቆዳ ነው» ብለሽ ከሸጥሽው ተመልሶ የሚመጣው አንቺ ዘንድ ነው። ዘለበቱን በማግኔት ንኪው፤ ከሳበ ብረት ነው፣ ሽፋኑ ሲላጥ ይዝጋል። ነሐስና የዚንክ ቅይጥ አይሳቡም፤ ነሐሱ በእጅ ከበድ ይላል።

ክራቫት። የተለመደው ርዝመት ከ145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስፋቱ ሰፊው ጫፍ ላይ 7 እስከ 8። ታስሮ ሲያበቃ ጫፉ ዘለበቱ ላይ ማረፍ አለበት። ረጅም ወይም ደረቱ የሰፋ ሰው ከ155 በላይ ይፈልጋል፤ ጥቂት ያዢ፣ ግን አይጥፋሽ።

ጥራቱ የሚታየው ከጀርባው ነው። በቀጭኑ ጫፍ ይዘሽ አንጠልጥይው፤ ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ጨርቁ በ45 ዲግሪ በትክክል ተቆርጧል። ከተጠማዘዘ ሲታሰርም ይጠማዘዛል፣ ምንም ካውያ አያቃናውም። ቀጥሎ ከጀርባው ሰፊው ጫፍ ላይ ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን ገለጥ አድርጊ፤ ደህና ክራቫት ላይ ላላ ያለ የክር ጭራ ታገኛለሽ። አትቁረጪው! እሱ ነው ክራቫቱ ሲሳብ እንዲለጠጥና ተመልሶ እንዲሰበሰብ የሚያደርገው። «ክር ወጥቶበታል» ብሎ የሚመለስ ደንበኛም ይኖራል፤ ይህንኑ አሳዪው።

የዋጋ ወረቀት በስፒል ክራቫቱ ላይ አይወጋ። ሐር ላይ የገባ ቀዳዳ አይጠፋም። ከጀርባው ቀጭኑ ጫፍ የሚገባበት ማቀፊያ አለ፤ በእሱ በኩል በክር እሰሪው። መስኮት ላይ የተሰቀለ ክራቫት በፀሐይ ፊቱ ይነጣል፣ ለማሳያ ከየዓይነቱ አንድ ብቻ አውጪ።

ክራቫቱን ከሸሚዙ ጋር የሚይዘው ማያያዣ ከክራቫቱ ስፋት ማነስ አለበት፤ ለ7 ሳንቲ ሜትር ክራቫት 5 ገደማ ይሁን። ካለፈ ያስጠላል።

የእጅጌ ቁልፍ ከመሸጥሽ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ በሁለቱም ወገን ቀዳዳ አለው? በአንዱ በኩል ቀዳዳ ሳይኖር ተራ ቁልፍ ብቻ ከተሰፋበት አይገባም።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ የሱሪ ማንገቻ። ሁለት ዓይነት ነው፣ በመያዣ የሚነክስና በቁልፍ የሚታሰር። የሚነክሰው ፈጥኖ ይሸጣል፣ ግን ስስ ጨርቅ ሲሆን ጥርሱ ይቀድደዋል። በቁልፍ የሚታሰረው ወገቡ ላይ 6 ቁልፍ ይፈልጋል፦ ከፊት በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት። ከፊት አንዱ ከሱሪው መስመር በላይ ይሆናል፣ ሁለተኛው ከ7 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን። የኋላዎቹ ከመካከለኛው ስፌት እኩል ርቀው፣ እርስ በርሳቸው 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር። ቁልፉ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ጠንካራ፣ ባለ 4 ዓይን ይሁን። ቁልፉም ክሩም ያንቺ ዘንድ ስላለ ስድስቱን ከነክሩ በትንሽ ከረጢት ከማንገቻው ጋር አሽገሽ ሽጪ። ቀበቶና ማንገቻ ብቻ የሚሸጥ ሰው ይህን አይችልም። አንቺ የምትችይው የስፌት ዕቃ ስላለሽ ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ንግዶች አብረው የሚሄዱት።

ጀማሪዋ ባለሱቅ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ቃል በቃል ነው የያዝኩት። ሁለት ነገር ልጨምር። ላስቲክ በሜትር ስሸጥ ጥቅሉ ሁልጊዜ ከሒሳቤ ቀድሞ ያልቃል፤ የት እንደሚጠፋ አላውቅም። ሌላው ቀለም ነው። በየቀለሙ ቁልፍና ክር ልሙላ ካልኩ ገንዘቤ ያልቃል፤ ካልሞላሁ ደንበኛ ይመለሳል።

ዚፕ ጠጋኝ

ላስቲኩ የሚጠፋው ጣትሽ ላይ ነው። 25 ሜትር ጥቅል በግማሽ ግማሽ ሜትር ስትሸጪ 50 ጊዜ ትቆርጫለሽ። በእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ብታልፊ 1 ሜትር ሄደ፤ ከመቶ 4 እጅ ነው። ባንኮኒው ጠርዝ ላይ የብረት ማስመሪያ በቪት እሰሪ፣ መቁረጫ መስመሩን ቀለም ቅቢ። የጨርቅ ሜትር ከዕድሜ ጋር ይለጠጣል፤ በዓመት አንዴ ከብረቱ ጋር አስተያዪው።

በተቃራኒውም አለ። ላስቲክ ጥቅሉ ላይ ተወጥሮ ነው የሚመጣው። ስቦ የለካ ሻጭ ለደንበኛው አሳጥሮ ይሰጠዋል። ከጥቅሉ ፍቺ፣ ባንኮኒ ላይ አስተኚው፣ ሲረጋ ለኪ።

ዓይነቱን ለይተሽ አስቀምጪ። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነው ሲሳብ ይጠባል፤ ለውስጥ ማሾለኪያ እንጂ በላዩ ላይ ለመስፋት አይሆንም፣ መርፌ ሲወጋው ይላላል። እንደ ሹራብ የተሠራው ለስላሳ ነው፣ ስፋቱን አይቀንስም፣ ስፌትም ይችላል። የተሸመነው ጠንካራው ነው፤ ለሱሪ ወገብና ለማንገቻ እሱን። ሦስቱንም ከፀሐይና ከሙቀት አርቂ። ጎማው ከደረቀ ስትስቢው ይንጫጫል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም፤ ያንን አትሽጪ።

የቁልፍ ሳጥን

ቀለሙን እኔ ልመልስ። ጥልቀትና ስፋት ለዪ። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫና ቡናማ በየላይኑ በግሮስ ይያዙ፤ ለወንዶች ልብስ ብዙውን ሥራ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። የቀረውን ቀለም በሁለት ደርዘን ጀምሪና አንድ ደርዘን ሲቀር ብቻ እዘዢ፣ አንድ ደርዘን ሳይሸጥ ከቆየ ያንን ቀለም ዳግም አትግዢ። ነጩም ነጭ ብቻ አይደለም፤ ብሩህ ነጭና ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ለየብቻ ሳጥን ይኑራቸው፣ የሸሚዝ ጥገና ላይ የሚያጋጨው እሱ ነው።

በየሳጥኑ ፊት አንድ ቁልፍ ስፊበት፣ ከሥሩ ላይኑን፣ ሚሊ ሜትሩን፣ ውፍረቱንና ከረጢቱ የመጣበትን ቀን ጻፊ። ሙጫ አትጠቀሚ፤ ደንበኛው የያዘውን አጠገቡ አድርጎ ማስተያየት አለበት፣ በክር የተሰፋው ብቻ ነው እንደ ልብሱ የሚቀመጠው። አዲስ ከረጢት ሲመጣ አሮጌው ላይ አትድፊው። መሐሉ ላይ ካርቶን አስገቢና ከአሮጌው ሽጪ፤ ለሙሉ ኮት የሚበቃ ሲያጣ ካርቶኑን አንሺ፣ ያቺን ትርፍ ወደ ጥገናው ሳጥን ውሰጃት።

በመዶሻ ወይም በማተሚያ የሚገጠም የብረት ቁልፍ ካለሽ፣ አራቱ ክፍሎቹ በአንድ ከረጢት ይሸጡ። ልኩ አንድ ቢሆንም የአንዱ አምራች ወንዴ ለሌላው ሴቴ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ወይ አይከፈትም ወይ አይያዝም። የእግሩን ርዝመትም ጠይቂ፦ ለስስ ጨርቅ ረጅም እግር ከሰጠሽ ሲመታ ይጣመማል፣ ለጂንስ አጭር ከሰጠሽ በሁለተኛው ቀን ተነቅሎ ይወድቃል። ከመሸጥሽ በፊት የጨርቁን ቁራጭ አምጣ በይው፣ ቁልፉ በሚገጠምበት ቦታ ስንት ድርብ እንደሚሆን ጠይቀሽ ያንን ያህል አጥፈሽ በካሊፐሩ ለኪው።